በሰው ጎጆ የምታድግ ወፍ

ዓርብ ጠዋት፣ ከአዳማ

ወደ ሐዋሳ የተነሣሁት ምሕረት ስትመረቅ ለማየት ነው። ምሕረት የወንድሜ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ወንድሜ ገና ጥርስ ያላወጣች ሕፃን አምጥቶ «ለአንድ ሳምንት ያዝልኝ» ብሎኝ ሄደ። ያቺ ሳምንት እስከ ዛሬ አላለቀችም። እጮኛዬም «የሰው ልጅ አላሳድግም» ብላ ቀለበቴን መለሰችልኝ።

ከቤት ከመውጣቴ በፊት ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ምስማር መታሁ። ተመራቂ ገዋኑን ላሳደገው ሰው አልብሶ ፎቶ ይነሣ የለ? የእኔና የእሷ ፎቶ እዚያ ይሰቀላል ብዬ ነው።

ሞጆ ላይ ሚኒባሱ ሰው ካልሞላሁ ብሎ አንጀታችንን አሳረረው። ከዝዋይ በኋላ ዝናብ ያዘን፤ ሻሸመኔ ላይ አንዲት ሴት ጆንያ ድንቿን እግሬ ላይ አሳረፈች። ሐዋሳ መናኸሪያ ስወርድ ባለ ባጃጁ ለእንግዳ የሚጠራውን ዋጋ ጠራልኝ። ደስ ብሎኝ ስለነበር አልተከራከርኩም።

ከሰዓት፣ አሞራ ገደል

ምሕረት የመመረቂያ ጥናቷን የሠራችው ኩኩ በምትባለው ወፍ ላይ ነው። የተጠበሰ ዓሣችንን በዳጣ በልተን ስንጨርስ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደችኝ። ሸምበቆው ላይ የቢጫ ወፎች ጎጆ እንደ ቅል ተንጠልጥሏል። አንዷ ወፍ ከራሷ ለሚበልጥ ጫጩት ትል ታጎርሳለች።

«ልጇ አይደለም» አለችኝ ምሕረት። «ኩኩ ጎጆ አትሠራም፣ ጋሼ። ባለቤቷ ዞር ስትል እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ መልኩም ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰላል። ጫጩቷ ቀድማ ትፈለፈልና የባለቤቷን እንቁላሎች በጀርባዋ ገፍታ ትጥላለች።»

«ስታድግስ?»

«ወደ ዘመዶቿ ትሄዳለች። ማንም ሳያስተምራት ድምፃቸውን ታውቀዋለች።» ዓይኗን ከወፎቹ አላነሣችም። «ጋሼ፣ ነገ አባዬ ይመጣል። እኔ ነኝ የጠራሁት።»



ቅዳሜ፣ ምረቃ

ወንድሜ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ አበባ ይዞ መጣ። ምሕረት ገዋኗን አውልቃ ወደ እኛ ስትመጣ ኮቴን አስተካክዬ ቆምኩ። አልፋኝ ሄዳ እሱን አለበሰችው፤ ቆቡንም ደፋችለት። ከዚያ ስልኳን ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ አንሣን!»

አነሣኋቸው።  የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስወለውለው ኖሬያለሁ። ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው ብዬ ስጠብቅ ዝናቡ ወረደ። ምሕረት ገዋኑ እንዳይበሰብስ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ስንለያይ ወንድሜ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ሥራ እስክታገኝ ለጊዜው አንተ ጋ ትቆይ፤ እኔ ቤት ቦታ የለም።»

«ለአንድ ሳምንት?» አልኩት።

ሳቀ። የቀለድኩ መስሎታል።

እሑድ፣ ቤቴ

ከጉዞው ምን ተማርክ ለሚለኝ፣ ኩኩን መርገም ቀላል ነው። እኔን ያንገበገበችኝ ቢጫዋ ወፍ ናት። ያን ሁሉ ትል ስታመላልስ አንድ ቀን እንኳ የጫጩቷን መልክ አታይም? ታያለች። እኔም አይቻለሁ።

ምሕረት ማክሰኞ ትመጣለች። አልጋዋን አነጠፍኩ፤ የምትወደውን ምስር ገዛሁ። ከዚያ ኮቴን አውልቄ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት።