ዝም ያሰኘሁት ተማሪ

ፕሮግራሚንግ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ እንደ እኔው ከጋይንት የመጣ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከሚባለው የአብነት ትምህርት ቤት ድጓ ተምሯል። ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል፤ ጥያቄ አይጠይቅም።

እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስላይድ እያሳየሁ እናገራለሁ። «ገባችሁ?» ስል «ገባን» ይላሉ። የመጀመሪያውን ፈተና ሳርም ግን አብዛኞቹ ወድቀዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከኮምፒውተር ላቡ ጫጫታ ሰምቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ያ ልጅ መሀል ቆሟል። ሌሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ጠዋት ያስተማርኩትን ይሠራሉ፤ ራሱን መልሶ የሚጠራ ፈንክሽን ነው።

«እኔ አልነግራትም፤ አንተ ንገራት» አለው አንዱን፣ አጠገቡ ወደተቀመጠችው ልጅ እያመለከተ። «ስትነግራት ያልገባህን አንተው ታገኘዋለህ። እኛ ቤተ ልሔም እንዲህ ነበር የምንማረው፤ ቀደም ያለው የኋላውን ያስቀጽላል፤ እያስደገመ ያስጠናዋል።»

ጓደኛው ሲነግራት ተሳሳተ፤ ልጅቷ አረመችው፤ ሁሉም ሳቁ። እኔ ፊት ስቀው አያውቁም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ቀናሁ።

«የዚህ ኮርስ መምህር ማነው?» አልኩ።

ሌሎቹ ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ። እሱ ብቻ «እርስዎ ነዎት፣ መምህር» አለኝ።

«እንግዲያው ውጡ፤ ላቡ ይዘጋ።»

አንድ በአንድ ወጡ። እሱ የመጨረሻውን ኮምፒውተር አጥፍቶ በአጠገቤ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ክፍል ይመጣል እንጂ አይጽፍም። በሚቀጥለው ሴሚስተር አልተመዘገበም፤ ስልኩም ዝግ ነው።

ክረምት ላይ እናቴን ልጠይቅ ንፋስ መውጫ ሄጄ አላስችል ቢለኝ ቤተ ልሔም ድረስ ዘለቅሁ። ያስተማሩት የኔታ ስለ እሱ ሳነሳ ፊታቸው በራ።

«ደኅና ነው? ምን ብሎ ላከህ?»

«ወደ እርስዎ የተመለሰ መስሎኝ ነው የመጣሁት፣ የኔታ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እኛ እኮ እናንተ ዘንድ ነው ብለን ነበር። ወላጆቹም የሚያውቁት ይህንኑ ነው።»

ያደረግኩትን አልነገርኳቸውም። «እናፈላልገዋለን» ብዬ ወጣሁ።

አፈላለግሁ። አየሁት የሚል አልተገኘም።

አሁን ጥቂት ተናግሬ አቆምና ተማሪዎቼ እርስ በርስ እንዲያስረዱ እተዋቸዋለሁ። የሚወድቁት ቀንሰዋል። ጫጫታው ሲነሳ ግን ፊታቸውን በተራ እቃኛለሁ፤ ለምን እንደሆነ አያውቁም። በቀደም አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ይህን አሠራር ከማን አገኙት?» አለችኝ።

«ከአንድ የአገሬ ልጅ።»

«አሁን የት ነው?»

ፊቴን አዙሬ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርኩ።