የሙሪኤል ታክሬይ አርባ አራተኛ ደብዳቤ

ሙሪኤል ታክሬይ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ለብሬስዴል ማዘጋጃ ቤት አርባ ሦስት የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፋለች። በሠላሳ አንዱ አሸንፋለች። አርባ አራተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። ጣጣ ያመጣባት እሱ ነው።

በእኛ ከተማ መጠጥ ለመሸጥ ወይም ሌሊት ሙዚቃ ለማሰማት የፈለገ ሰው በሩ ላይ ፈዛዛ ሰማያዊ ወረቀት ይለጥፋል። ወረቀቱ ሃያ ስምንት ቀን ይቆያል። በእነዚያ ቀናት አስተያየት ያለው ሰው ለማዘጋጃ ቤቱ ይጽፋል። አብዛኛው ሰው ወረቀቱን ልብ አይለውም፤ ልብ ያለውም ድመት የጠፋበት ሰው የለጠፈው ይመስለዋል። ሙሪኤል ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ፣ በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በሌላው መነጽሯን ይዛ፣ ከበር በር እየዞረች ታነባለች።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የእንቅልፍ ጉዳይ ነበር። ባሏ ስታንሊ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ የመጀመሪያው አውቶቡስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። ከቤታቸው ማዶ ያለው መጠጥ ቤት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ካራኦኬ ላዘፍን ብሎ ሰማያዊውን ወረቀት ለጠፈ። ጎረቤቱ ሁሉ ጻፈ። አንዱ «አስጠላኝ» አለ። አንዱ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት አማቹን እንደሰደበው ገለጸ። ማዘጋጃ ቤቱ ሁሉንም ወደ ጎን አደረጋቸው፤ ሕጉ የሚሰማው ስለ አራት ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ወንጀል፣ ስለ ሰው ደህንነት፣ ሕዝብን ስለ ማወክና ስለ ልጆች።

ሙሪኤል ሕጉን ከቤተ መጻሕፍት ተውሳ አነበበችው። የትምህርት ቤት ምግብ አከፋፋይ ነበረች። ለሦስት መቶ ልጅ ጎመን አስበልታ የምታውቅ ሴት ናት፤ አንድ የሕግ መጽሐፍ አላስፈራትም። በደብዳቤዋ ውስጥ «አልወድም» የሚል ቃል አልነበረም። የመስኮቶቹ ብዛት ነበረበት፤ የበሩ ስፋት ነበረበት፤ «ሕዝብን ማወክ» የሚለው ሐረግ ስድስት ጊዜ ነበረበት። ካራኦኬው በምሽቱ አምስት ሰዓት እንዲዘጋ ተወሰነ። ስታንሊ ተኛ።

እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ነገር ግን ማሸነፍ ጣማት።

ቀጥሎ አንድ ፀጉር ቤት ለደንበኞቹ አንድ አንድ ብርጭቆ ወይን ላቅርብ አለ። ሙሪኤል መቀስና አልኮል በአንድ ክፍል ውስጥ ስለሚያስከትሉት የደህንነት ችግር ሁለት ገጽ ጻፈች። አሸነፈች። ከዚያ ወዲህ በብሬስዴል ፀጉሯን የሚሠራላት ስላጣች በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። አይስክሬም ሻጩ ሩም የሚባል አረቄ ያለበት አይስክሬም ልሽጥ ሲል የልጆችን ጉዳይ አነሳች። ያን ጊዜ ተሸነፈች። ስታንሊ ጡረታ ወጣ፣ እስከ ረፋዱ መተኛት ጀመረ፣ ከአራት ዓመት በኋላም ሞተ። ደብዳቤዎቹ አልቆሙም።

የፈቃድ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሃርግሪቭስ ምንጣፍ ነጋዴ ነው። የሙሪኤልን ስም አጀንዳ ላይ ሲያይ የጨጓራ ኪኒን ይውጣል ይባላል። ለምን እንደሚውጠው አልጠየቅሁትም። ኪኒኑን ግን አይቻለሁ።

ከሙሪኤል ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራው የባቡር ሠራተኞች ክበብ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት እዚያ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይደንሳሉ። ስታንሊ በሞተ በዓመቱ ሙሪኤል የሙዚቃውን ድምፅ ልትመዘግብ ደብተር ይዛ ገባች። ሲረል ኦግደን የሚባል ጡረተኛ ሥጋ ሻጭ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«ደብተርዎን ወንበሩ ላይ ያኑሩት» አላት። «እዚህ ማንም አይሰርቀውም። ግማሾቻችን መነጽራችንን ረስተን ነው የመጣነው።»

ሙሪኤል ከዚያ ቀን በኋላ ለሦስት ዓመት አንድ ረቡዕ አልቀረችም። ሌላ የምትሄድበት ቦታ አልነበራትም። ይህንን እሷም ትናገራለች፤ ስለ አየሩ እንደሚናገር ሰው ነው የምትናገረው።

ከዚያ ክበቡ ፈረሰ። አባላቱ እየሞቱ አለቁ፤ የቀሩት ሕንጻውን ሸጡት። የገዛችው ፓርምጂት የምትባል የዚሁ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ሃያ ሁለት ዓመት በባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠር ኖሯል፤ የባቡር ሠራተኞች ክበብ ግን የሲክ ሃይማኖት ጥምጣሙን አይቶ አባልነት ከልክሎታል። ፓርምጂት ቁልፉን በተረከበች ቀን አባቷን ወስዳ ባንኮኒው ጋ አስቀመጠችው። ሻይ ጠየቀ።

ፓርምጂት ለደናሾቹ ነገሩን ሳታለባብስ ነገረቻቸው።

«ፈቃድ ካገኘሁ ረቡዕ የእናንተ ነው፤ እንደ ድሮው። ዓርብና ቅዳሜ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ካልሠራሁ ግን ሕንጻው ራሱን አይችልም። አሥራ ሁለት መኖሪያ ክፍል አደርገዋለሁ። በመኖሪያ ክፍል ውስጥ ዋልዝ አይደነስም።»

ሁሉም ዞረው ሙሪኤልን አዩ።

«ምን ታዩኛላችሁ?»

«እስክሪብቶሽን ነው የምናየው» አለ ሲረል።

«አልቃወምም።»

«ጎሽ። እንግዲያው ዝም በይ።»

«ዝም ማለት ምን ዋጋ አለው? እደግፋለሁ። በጽሑፍ።»

«ውዴ፣ እኔ አርባ ዓመት ሥጋ ቆርጫለሁ» አለ ሲረል። ብሬስዴል ውስጥ ፖስተኛውንም ውዴ ነው የምንለው። «ቢላ ይዞ የመጣብኝ ሰው ሊስመኝ ነው ብዬ አላስብም። አትጻፊ።»

ጻፈች። ሁለት ገጽ ሞላች። መብራት ያለበት ሕንጻ ወንጀል ይቀንሳል አለች። የምትደንስ አሮጊት እግሯ ስለሚጠነክር ደረጃ ላይ አትወድቅም፤ ይህ የሰው ደህንነት ነው አለች። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን እጇ ልማዱን አልተወም። የመኝታ ክፍሏ ከክበቡ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚገናኝ ዓርብና ቅዳሜ ሙዚቃው በምሽቱ አምስት ሰዓት ቢቆም መልካም ነው የሚል አንድ አንቀጽ ጨመረች። ፈረመች። ፖስታ ቤት ሄዳ በአደራ ላከችው።

ሃያ ስምንቱ ቀን አለቀ። ከሙሪኤል በቀር ማንም አልጻፈም። ሌላው ሰው እሷ ከጻፈች ምን አደከመኝ ብሎ ነው።

በማግስቱ የማዘጋጃ ቤቱ የፈቃድ ሹም ኮሊን ናታል ስልክ ደወለ።

«ሚስስ ታክሬይ፣ ስብሰባው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው።»

«የምን ስብሰባ?»

«የክበቡ። ደብዳቤ ጽፈው የለ?»

«የድጋፍ ነው እኮ የጻፍኩት!»

«አንብቤዋለሁ። ቆንጆ ደብዳቤ ነው። ግን ሕጉ አስተያየት ነው የሚለው። ድጋፍም አስተያየት ነው። በዚያ ላይ የመጨረሻው አንቀጽ አለ። አስተያየት ከመጣ ሦስት የምክር ቤት አባላት ተቀምጠው ማየት አለባቸው።»

«ባልጽፍስ ኖሮ?»

ኮሊን ለሰው የሚያዝን ሰው ነው።

«ማንም ያልጻፈበት ማመልከቻ ወዲያው ይጸድቃል። ዛሬ ጠዋት ማኅተም አድርጌ እሰጣት ነበር።»

ሙሪኤል ያንን ሕግ ከጠበቃ በላይ ታውቀዋለች። ይህችን ቦታ ግን አንብባት አታውቅም። የሚደግፉ ሰዎችን የሚመለከት ነበረች።

ሐሙስ ዕለት ሃርግሪቭስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ፓርምጂት በአንድ በኩል፣ ሙሪኤል በሌላ በኩል። ሲረል የሕዝብ ወንበር ላይ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሃርግሪቭስ ደብዳቤውን አነበበ። ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ሌላ ገጽ የለውም?»

«የለውም» አለች ሙሪኤል።

«ሚስስ ታክሬይ፣ እንደሚደግፉ ተረድቻለሁ። ምን እንደሚቃወሙ ግን አልተረዳሁም።»

«ምንም አልቃወምም።»

«በ2012 ስለ ቢሊያርድ ቤቱም እንዲህ ብለው ጀምረው ነበር። ከዚያ ዘጠኝ ግዴታ አስገቡበት። ዛሬ ቢሊያርድ ቤቱ የለም።» ወደ ባልደረቦቹ ዞሮ መልሶ ወደ እሷ አየ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ከእርስዎ የበለጠ ስለ ጉዳዩ የሚያውቅ የለም። ኮሚቴው የእርስዎን የቆዩ ደብዳቤዎች ተመልክቷል። ከእነሱ አሥራ አንድ ግዴታ አውጥተናል። ሁሉንም ልንሰጥዎ ዝግጁ ነን።»

ወረቀቱን አነበበ። ዓርብና ቅዳሜ በምሽቱ አምስት ሰዓት መዝጋት። ሙዚቃ ሲኖር መስኮትና በር መዝጋት። አራተኛው ላይ ሲደርስ ሲረል ኮፍያውን ጨበጠ። የአጎራባቹ ትምህርት ቤት ልጆች ክፍል ውስጥ ባሉበት ሰዓት ሙዚቃ አይኖርም ይላል።

«ረቡዕ ከቀትር በኋላ እኮ ነው የምንደንሰው!» አለች ሙሪኤል።

«ይህ አንቀጽ የእርስዎ ነው። ስለ ዳንስ ትምህርት ቤቱ የጻፉት። ቃል በቃል ነው የወሰድነው።»

«ያ ሌላ ነበር። ያ ከበሮ ነበረው።»

«ልጆች ልጆች ናቸው፣ ሚስስ ታክሬይ። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።» ሃርግሪቭስ ኪኒን አልዋጠም። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ተመችቶት አይቼው አላውቅም።

ፓርምጂት ተነሣች። «በአምስት ሰዓት የምዘጋ ከሆነ ማመልከቻው አያስፈልገኝም። ግንበኞቹን እጠራለሁ።»

የአሥር ደቂቃ ዕረፍት ተባለ።

ኮሊን ሻይ ማፍያው አጠገብ ሙሪኤልን አገኛት። ወተቱን እያቀበላት ወደ እሷ ሳያይ ተናገረ።

«ምክር መስጠት አልችልም። ስለ ሕጉ ማውራት ግን አይከለክለኝም። ደብዳቤ የጻፈ ሰው ስብሰባው ላይ ደብዳቤውን መልሶ መውሰድ ይችላል። በቃል። ያን ጊዜ ኮሚቴው ፊት ምንም ነገር የለም።»

«ፈቃዱስ?»

«እንደተጠየቀው ይሰጣል።»

«እስከ ሌሊቱ ሰባት?»

«እስከ ሰባት። ያለ አንድ ግዴታ።»

ሙሪኤል ሻይዋን አማሰለች። ስኳር አልጨመረችበትም ነበር። አርባ ሦስት ደብዳቤ ጽፋ አንዱንም መልሳ ወስዳ አታውቅም፤ አይስክሬሙንም እንኳ። ፓርምጂት ከበስተኋላዋ መጣች።

«ሚስስ ታክሬይ፣ በግድግዳው በኩል ድምፅ የሚውጥ ነገር አስደርጋለሁ።»

«በጽሑፍ ትሰጪኛለሽ?»

«በጽሑፍማ አልሰጥዎትም። እኔም ሰማያዊ ወረቀት አንብቤ ነው ያደግሁት።»

«ልባም ነሽ» አለች ሙሪኤል። ሙገሳ አልነበረም፤ ወቀሳም አልነበረም።

ተመልሰው ተቀመጡ። ሙሪኤል እጇን አወጣች።

«ደብዳቤዬን መልሼ ወስጃለሁ።»

ሃርግሪቭስ ከወረቀቱ ቀና አለ። አሥራ አንዱ ግዴታ ፊቱ ተዘርግቷል። ወደ ኮሊን ዞረ፤ ኮሊን ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሰብሳቢው ምን እንዳጣ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። ምን እንዳገኘ ለመረዳት ግን ጊዜ አልወሰደበትም።

«ለቃለ ጉባኤው ይድገሙልን።»

«ደብዳቤዬን መልሼ ወስጃለሁ።»

«ማይክሮፎኑን ቀረብ አድርገው።»

«ሰምተውኛል፣ ሃርግሪቭስ!»

«እኔ ሰምቻለሁ። ታሪክ ደግሞ ይስማ።»

ሦስተኛ ጊዜ ተናገረች። ኮሊን ማኅተሙን እዚያው አወጣ። የከተማችን ጋዜጣ በአምስተኛው ገጽ ላይ «ተቃዋሚዋ እጅ ሰጠች» ብሎ አወጣው፤ ከበታቹ ፎቶዋ አለ፤ ጃንጥላ ይዛ። ወይኑን ያስከለከለቻት የፀጉር ቤት ባለቤት ቆርጣ መስተዋቷ ላይ ለጠፈችው።

ክበቡ በሦስተኛው ሳምንት ተከፈተ። በመጀመሪያው ረቡዕ ሃያ ስድስት ሰው መጣ። ፓርምጂት በድሮው ክበብ ዕጣ ለወጣለት ሰው ሥጋ የሚሰጥበትን ሎተሪም አልተወችም፤ የበግ ጭን የደረሳት ሴት ከረጢቱን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ትደንስ ነበር። የፓርምጂት አባት ባንኮኒው ጋ ሻይ ይጠጣል። ሙሪኤል ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ቅዳሜ እንዴት ነበር?» አላት ሲረል።

«እስከ ሰባት ከሩብ።»

«የተፈቀደላት እስከ ሰባት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ግድግዳውስ?»

«ግድግዳው እንደ ግድግዳ ነው። የዘፈኖቹን ግጥም ሁሉ አጥንቻለሁ። አንዱ ላይ ሴትየዋ ስልኳን አላነሳ አለችው። እስከ ሌሊቱ ሰባት አላነሳችም።»

«እና ልትጽፊ ነው?»

«ለማን?» አለችና እጇን ትከሻው ላይ አደረገች።

ዋልዙ ጀመረ። ሲረል እንደ ልማዱ በተሳሳተው እግር ተነሣ።