ለሁለት ገጽ የተከፈለው ዘፈን

ሳርፒን ከአዛን በፊት ማይክራፎኑን በጥፍሩ ሁለት ጊዜ ይመታል። ቋ፣ ቋ። ድምፁ በመስጊዱ ጣሪያ ላይ ካሉት ድምፅ ማጉያዎች ወጥቶ ሜዳውን ያቋርጣል፤ ማዶ ካለው የትምህርት ቤት ግድግዳ ጋር ተላትሞም ይመለሳል። ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርግና ይጣራል። የእኛ ሰፈር ልጆች ሁለቱን ምት ሲሰሙ ኳሱን በእግራቸው ረግጠው ይቆማሉ። ሬዲዮ ይቀነሳል። ሳርፒን ከወጣትነቱ ጀምሮ በየቀኑ፣ በየሶላቱ ሰዓት እንዲህ አድርጓል።

«ማይክራፎኑ መሥራቱን ለማወቅ ነው» ይላል ሲጠይቁት።

«ውሸቱን ነው» ትላለች ሚስቱ ሱፕርያቲን። «ድራም መስሎት ነው።»

እውነቷን ነው። በከተማችን በማላንግ አራንግ የሚባለውን የሮክ ባንድ የማያውቅ ሰው የለም። አራንግ ከሰል ማለት ነው። ባንዱ ሲመሠረት ድራሙ ላይ የተቀመጠው ሳርፒን ነበር። ልምምዳቸው አኩሪ አተር ቦክቶ ቴምፔ የሚባለው ምግብ በሚሆንበት ጎጆ ውስጥ ስለነበር ከልምምድ የሚመለሱትን ልጆች ሰፈሩ በሽታቸው ይለያቸው ነበር። ሌሎች ድራመሮች ዘፈን ሲያስጀምሩ ዱላቸውን እያጋጩ እስከ አራት ይቆጥራሉ። ሳርፒን የከበሮውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ መትቶ ይገባ ነበር። «ሁለት ይበቃል» ይል ነበር፤ «በሁለት ያልነቃ በአራትም አይነቃም።»

የመጀመሪያውን ካሴት ለመቅረጽ ወደ ሱራባያ ሊሄዱ ሲሰናዱ አባቱ ሞቱ። አባቱ የመስጊዱ ሙአዚን ነበሩ። በማግስቱ ንጋት ላይ ለሶላት የሚጣራ ሰው ሲጠፋ ሳርፒን ተነሥቶ ተጣራ። ለጊዜው ነው ተባለ። ባንዱ ሌላ ልጅ ተክቶ ሄደ። ያ ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ ሰዉ ግን እስካሁን «አዲሱ ድራመር» እያለ ነው የሚጠራው። ሁለቱን ምት አልለወጣቸውም። አራንግ ወደ አርባ ዓመት በሚጠጋ ዕድሜው ብዙ ካሴት አወጣ፤ ሳርፒን አንዱም ላይ የለም። ስለዚህ ነገር ሲያወራ ሰምቶት የሚያውቅ ሰውም የለም።

ባንዱ ሊሰናበት መሆኑ በተሰማ ሰሞን ዘፋኙ ቶንቶዊ በአሮጌ ሞተር ብስክሌቱ መስጊዱ በር ድረስ መጣ። ሳርፒን ደረጃውን እየጠረገ ነበር።

«ቻክ» አለው፤ በእኛ አገር ታላቅ ወንድም የሚጠራው እንዲህ ነው፤ «አረጀን እኮ። አሁን ከመድረክ ስወርድ ሁለት ሰው ነው የሚደግፈኝ።»

«ድሮም ሁለት ሰው ነበር የሚደግፍህ። ያኔ ምክንያቱ ጉልበት አልነበረም እንጂ።»

ቶንቶዊ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ወደ ሜዳው አገጩን አቀና። «ስንብቱ እዚህ ነው። ይቀረጻል። አንድ ቀን ነው፤ መድገም የለም። ከዚያ በኋላ አራንግ የሚባል ነገር አይኖርም። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ አዛን በፊት እንጨርሳለን፤ ማሳረጊያው ‹እፍ በይበት› ነው። እሱን ስንጫወት መጥተህ ከመድረኩ ጎን ቁምልኝ። አንድ ጊዜ እንኳ በዓይንህ እየው።»

«እፍ በይበት» ቴምፔው ጎጆ ውስጥ የተወለደ ዘፈን ነው። የድራሙን አካሄድ ያወጣው ሳርፒን ነው። መድረክ ላይ ሲጫወቱት አይቶ አያውቅም፤ ኮንሰርቶች የሚያልቁት እሱ መስጊድ በሚሆንበት ሰዓት ነው።

«እቆማለሁ» አለ።

የኮንሰርቱ ቀን ሱፕርያቲን ከአልጋ ሥር አንድ ጥቁር ካናቴራ ተተኩሶ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አገኘች። ደረቱ ላይ የጋለ ከሰል ሥዕል አለበት። «ይኼን ከሽርጥ ጋር ልትለብሰው ነው?» አለችው። «ከላይ ሮከር፣ ከታች ሙአዚን!» ሳርፒን ካናቴራውን ለበሰ፤ ከላዩ ነጭ ሸሚዙን ደርቦ እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈ።

ሜዳው ከጠዋት ጀምሮ ሞላ። ከብሊታር፣ ከከዲሪ፣ ከባንዩዋንጊ በጭነት መኪና መጡ፤ ሽበታም ፀጉራቸውን የለቀቁ ሽማግሌዎች፣ የእነሱ ልጆች፣ የልጆቻቸው ልጆች። የመድረኩ ሠራተኞች ዝናብ እንዳይመጣ የሚጥሚጣ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት በስንጥር ሰክተው ከመድረኩ ጀርባ ተክለዋል። ሊጀመር ሲል ግን ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ ወርዶ ወርዶ እስኪያባራ፣ መድረኩ እስኪወለወል፣ ሽቦው እስኪደርቅ ቀኑ አጋደለ።

መስጊዱ አጥር ሥር ሻይ የምትሸጠው ቡ ሩካያ ስንጥሮቹን ሄዳ አይታ ተመለሰች። «ሚጥሚጣው የጠወለገ ነው» አለች። «በጠወለገ ሚጥሚጣ ዝናብ ይመለሳል? ለሰማይም ይሰሰታል እንዴ?»

ሳርፒን ሰማዩን አየና በልቡ አሰበው። ኮንሰርቱ በዘገየው ልክ የመጨረሻው ዘፈን መግሪብ ላይ ይወድቃል። በእኛ ሰፈር አዛን ሲሰማ ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ሠርግም ቢሆን፣ የእግር ኳስ ፍጻሜም ቢሆን። ዘፈኑን ከመድረኩ ጎን ቆሞ ሊያይ ነበር። አሁን ሊያየው ቀርቶ የሚያቋርጠው ራሱ ሊሆን ነው፤ ያውም በሚቀረጽበት በአንዱ ቀን። የሚተካው ሰው ፈለገ። መጣራት የሚችሉት ወጣቶች ሁሉ ሜዳው ውስጥ ናቸው።

ኮንሰርቱ ሊገባደድ ሲቃረብ ቀረጻውን የሚመራው ብራም የሚባል የጃካርታ ሰው እያለከለከ መጣ። ጫማው ጭቃ ብቻ ነው።

«ፓክ፣ አባቴ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ብቻ። ትንሽ ደቂቃ። ማንም አያውቅም።»

«ፀሐይዋን ለምናት፣ ልጄ።»

«ሌሎቹ መስጊዶች ሩቅ ናቸው፤ ከጊታሩ ጋር አይሰሙም። የሚሰማው የእርስዎ ብቻ ነው።»

«እሱን ነው የምልህ» አለ ሳርፒን። «የሚሰማው የእኔ ብቻ ነው።»

ቡ ሩካያ ከአጥሩ ሥር ሰምታ ኖሮ ጣልቃ ገባች። ከረመዳን የቀረባትን ቀዷ እየጾመች ነበር፤ የቀዳችው ሻይ ፊቷ ተቀምጧል። «ቻክ ሳርፒን! እኔ የአንተን ድምፅ ሳልሰማ ከንፈሬን አላረጥብም። ለጊታር ብለህ ብታቆየኝ፣ ከነገ ጀምሮ ሻይህን በጨው ነው የምቀዳልህ።»

ብራም ሳቅ ከጅሎት ነበር። የሳርፒንን ፊት አየና ተወው፤ ወደ መሣሪያዎቹም ሮጠ።

ከመድረኩ ሁለቱ ምት ተሰሙ። «እፍ በይበት» ተጀመረ።

ሳርፒን ማይክራፎኑ ፊት ቆሟል። በመስኮቱ የሚታየው የሰዉ ጀርባ ብቻ ነው። ዘፈኑን በግድግዳው በኩል፣ ከእግሩ ሥር ባለው ወለል በኩል ሰማው። የቀኝ እጁ ሽርጡ ላይ አካሄዱን ይመታ ነበር፤ ሱፕርያቲን ከሴቶቹ በኩል አይታዋለች። ዓይኑ ግን ከግድግዳው ሰዓት ላይ አልተነሣም። ቶንቶዊ ወደ መጨረሻው አዝማች ገባ፦

«ከሰሉ ጠፋ ያልሽ እንደሆን፣ ጎንበስ ብለሽ…»

ሰዓቱ ደረሰ። ሳርፒን እጁን ከሽርጡ ላይ አነሣ።

ቋ፣ ቋ።

አዲሱ ድራመር የድራሙን የነሐስ ሳህን በመዳፉ ይዞ ድምፁን አነቀው። ጊታሮቹ ቆሙ። ቶንቶዊ የስንኙ እኩሌታ አፉ ውስጥ እንዳለ ማይክራፎኑን ወደ መሬት አወረደ። ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ። እዚህ ሜዳ ላይ ብዙ ነገር አይተናል፤ የሰልፍ ጩኸት፣ የኳስ ጩኸት። የብዙ ሺህ ሰው ዝምታ ግን ከጩኸቱ ሁሉ ይገዝፍ ነበር። ከመድረኩ ሸራ የሚንጠባጠበው ውኃ ተሰማ። በሜዳው ጥግ የሥጋ ጥብስ የሚሸጠው ሰውዬ ከሰል ሲንጣጣ ተሰማ። አጠገቤ የቆመው፣ ክንዱን በሙሉ የተነቀሰ ግዙፍ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ ነበር።

ከዚያ የሳርፒን ድምፅ መጣ። አሮጌ ድምፅ ነው፤ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። በዚያች ምሽት ግን ከሰማዩ በታች የነበረው ድምፅ እሱ ብቻ ነበር።

መስጊዱ ሞልቶ ተረፈ። የተረፈው ሰው እርጥብ ሜዳው ላይ የዝናብ ልብሱን አንጥፎ ቆመ፤ ጥቁር ካናቴራ ከጥቁር ካናቴራ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሰለፈ። የማይሰግዱት ባሉበት ተቀምጠው ጠበቁ፤ ሲጋራ እንኳ የለኮሰ አላየሁም። ቡ ሩካያ ሻይዋን ጠጣች።

ሶላቱ ሲያልቅ ሳርፒን ወደ መድረኩ ሊሄድ ተነሣ። መንገድ አልነበረም፤ ሰዉ ከመስጊዱ ደረጃ እስከ መድረኩ ድረስ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ደረጃው ላይ ቀረ።

አዲሱ ድራመር የከበሮውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ መታ። ቶንቶዊ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሜዳው በሙሉ፣ ማንም ሳይመራው፣ ስንኙን ከተቆረጠበት አነሣው፦

«…እፍ በይበት!»

አንድም ሰው አልቀደመም፤ አንድም ሰው አልዘገየም። ደረጃው ከሳርፒን እግር ሥር ተንቀጠቀጠ። ቶንቶዊ መዝፈኑን ትቶ ማይክራፎኑን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ያደረሰው ሜዳው ነው። ሳርፒን መድረኩን አላየም። ያየው የዚያን ሁሉ ሰው ጀርባ ነው፤ ቴምፔ በሚሸት ጎጆ ውስጥ ባወጣው አካሄድ አንድ ላይ ሲነሣና ሲወርድ። ሸሚዙን ቁልፍ በቁልፍ ፈታ።

የዝናቡ ወራት ባለፈ ሰሞን ቶንቶዊ ካሴቱን ይዞ ሳርፒን ቤት መጣ።

«ብራም ሁለቱን ግማሽ ሊያጋጥማቸው ፈልጎ ነበር» አለ ቁጭ ሲል። «ስፌቱን ማንም አያውቅም አለኝ። ሜዳው ያውቃል አልኩት።»

«አዛኑስ?» አለች ሱፕርያቲን።

«አዛን አይሸጥም፣ እህቴ። እሱን አላስገባንም። የመጀመሪያው ገጽ ከእሱ በፊት ያልቃል፤ ሁለተኛው ገጽ ከሶላት በኋላ ይጀምራል። በመካከል ያለውን የሚያዳምጠው ሰው ራሱ ተነሥቶ ይገልብጠው።»

አሮጌው ቴፕ ውስጥ ከተቱት። ሳርፒን ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ጭብጨባው፣ ጊታሩ፣ ከዚያ ቶንቶዊ «ጎንበስ ብለሽ…» ሲል። ከሩቅ፣ ከሰዉ ራስ በላይ፣ ጥርት ብሎ፦ ቋ፣ ቋ። ድራሙ ታነቀ፤ ሜዳው ጸጥ አለ፤ የቴፑም ቁልፍ በራሱ ተነሥቶ ቆመ።

ሱፕርያቲን የባሏን ጉልበት በመዳፏ መታ አደረገች። «አለህበት!» አለችው። «አንተ ሽማግሌ፣ አለህበት እኮ!»

«ማይክራፎኑ መሥራቱን ለማወቅ ነው» አለ ሳርፒን።

ቶንቶዊ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሱፕርያቲን ካሴቱን ገልብጣ መልሳ ከተተችው፤ ቁልፉን ግን አልተጫነችም። የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት ሰዓት ደርሶ ነበር። ሳርፒን ቆቡን አደረገና ወደ መስጊዱ ሄደ።