ባለ አራት ጎማው ቤታችን

ይህ ነገር የገጠመኝ የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና በተነሳች ሰሞን፣ በጥቅምት ሚካኤል ቀን ነው። እኛ ሰፈር ታሪኩን የማያውቅ የለም። አንዱ ቤቱ ገደል ገባ ይላል፣ ሌላው እኔ እያለቀስኩ ነበር ይላል። ሁለቱም ውሸት ነው። ስለዚህ እኔው ባለቤቱ በትክክል ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ዛሬም ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሰው ቢያየኝ አበደ ይለኛል።

ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ደባርቅ መግቢያ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ የተነፈሰ ጎማ እለጥፋለሁ። ልጃችን ሳትወለድ አከራያችን ቤቱን ለልጃቸው ስለፈለጉት ልቀቁልኝ አሉን። ባለቤቴ ብርቄ ደግሞ እርጉዝ ነበረች። ምን ይሻላል ስል፣ መንገድ ሠሪዎች ሥራ ጨርሰው ሲሄዱ ለሽያጭ የተዉት አንድ ካራቫን መኖሩን ሰማሁ። በመኪና የሚጎተት የቆርቆሮ ቤት ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ በር፣ አራት ጎማ። ገዛሁትና በትራክተር አስጎትቼ ከከተማው ዳር፣ አጎቴ በሰጡኝ ቦታ ላይ አቆምኩት። ቦታው ትንሽ ቁልቁል ነው፤ ግን እይታው ደስ ይላል።

ብርቄ እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ዳባት አጠገብ ወላጆቿ ቤት ሄደች። አባቷ የካራቫኑን ወሬ ሲሰሙ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ጎማ ያለው ነገር ጋሪ ነው እንጂ ቤት አይባልም» አሉኝ። «መጥቼ አየዋለሁ። ቤት ከሆነ ልጄን ትቼልህ እመለሳለሁ። ጋሪ ከሆነ ከነልጇ ይዣት እመለሳለሁ፤ እኔ ዘንድ ትሰነብታለች።»

መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። አማቴ አይቀልዱም። «ትሰነብታለች» ያሉት ደግሞ እስከ መቼ እንደሆነ እሳቸውና እግዜር ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

ብርቄ ሴት ልጅ ወለደች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ሰማንያ ቀን አገኘሁ ማለት ነው። አናጢ መቅጠር አልፈለግሁም፤ እውነቱን ለመናገር የማልችለው ነገር ያለ አይመስለኝም። የበሰበሰውን ወለል ነቅዬ የባሕር ዛፍ ጣውላ አነጠፍኩበት። በሩ አልዘጋ ስላለ የአሮጌ አይሱዙ ማጠፊያ ገጠምኩለት። አሁንም ሲዘጋ የመኪና በር ነው የሚመስለው። ዋናው ጣጣ ጣራው ነበር፤ ሰባት ቦታ ያፈሳል። እኔ ደግሞ የማውቀው ሙያ አንድ ነው። ከጎማ ውስጥ የሚወጣውን አሮጌ ከመነዳሪ በመቀስ እየቆረጥኩ፣ ማስቲሽ እየቀባሁ፣ ቀዳዳውን እንደ ጎማ ለጠፍኩት። ጠርዝ ጠርዙን በሚስማር መታሁት። ጎረቤቶቼ እየመጡ «ቤትህ ስንት ቦታ ፈነዳ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ሁሉም የመከሩኝ አንድ ነገር ነው። ጎማዎቹን አውልቅና ቤቱን በድንጋይ ካብ ላይ አሳርፈው አሉኝ። እኔ ግን እምቢ አልኩ። የጎሚስታ ቤት ጎማው ወልቆ ወይም ተንፍሶ ከታየ ማን ጎማውን አምኖ ያመጣልኛል? ይልቁንስ አራቱንም ፈትቼ ለጠፍኳቸው፣ በመዶሻ ሲመቱ ደወል እስኪመስሉ ድረስ ነፋኋቸው፣ ጥቁር ቀለም ቀባኋቸው። ቤቱ እንዳይሄድ በቁልቁለቱ በኩል ካሉት ጎማዎች ሥር ድንጋይ ወሸቅሁ፤ በአንዱ ትልቅ፣ በአንዱ ትንሽ።

ክርስትናው ዳባት እሑድ ቀን በደስታ አለቀ። አማቴም «የፊታችን ሚካኤል እርሻ አይዋልም፤ ያን ቀን ይዣቸው እመጣለሁ» ብለው ቆረጡ። እኔ ቀድሜ ደባርቅ ተመለስኩ። ቤቱን ጠረግሁ፣ አልጋ አነጠፍኩ፣ መጋረጃ ሰቀልኩ።

በሚካኤል ዋዜማ ማታ ያለ ጊዜው ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስነሳ ለልጄ ያዘጋጀኋት ትንሽ አልጋ መሐሏ ላይ ርሳለች። አንዱ ልጥፍ ጠርዙ ተነስቷል።

እኛ አገር በሚካኤል ቀን ሚስማር አይመታም። እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ አውቃለሁ። በተለይ በጥቅምት ገብሱ ሊታጨድ ሲል ገበሬው በዓል የሻረ ሰው ካየ አይምርም። በረዶ ይወርዳል፣ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይቀራል ተብሎ ይፈራል። ግን አማቴ ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አራት ሚስማር ብቻ ነው፣ ማን ይሰማኛል አልኩ። መዶሻውን በጨርቅ ጠቀለልኩት። ሚካኤልን በጨርቅ ላታልለው ማለት ነው!

መሰላሉን ላቆም ስል አንዱ ጎማ ትንሽ ተንፈስ ብሎ ታየኝ። ሌላ ሰው አያየውም። ጎሚስታ ግን አይቶ አያልፍም፤ እጄን በላኝ። የሚነፋበትን ቦታ ትልቁ ድንጋይ ስለጋረደኝ ድንጋዩን አነሳሁት፣ በእጅ ፓምፕ ነፋሁ፣ ጎማው ተወጠረ፣ ደስ አለኝ፣ ጣራ ላይ ወጣሁ። ድንጋዩን መመለስ? እሱን ረሳሁት።

ሁለተኛውን ሚስማር ስመታ ከፊት ለፊቴ ያለው የጽድ ዛፍ መሄድ ጀመረ። እውነቴን ነው፤ መጀመሪያ የመሰለኝ እንደዚያ ነው። ዛፉ ሳይሆን እኔ እንደምሄድ ሲገባኝ ትንሹ ድንጋይ ተስፈንጥሮ ቤቱ መንገድ ይዟል። አይሮጥም። እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። መዝለል ፈራሁ፤ ጣራው ላይ ተደፍቼ ቆርቆሮውን ያዝኩ።

ይባስ ብሎ ቅዳሴ የወጣው ያኔ ነው። ሕዝቡ ነጭ በነጭ ለብሶ ወደ ላይ ይመጣል፣ እኔ መዶሻ ይዤ ቤቴ ላይ ተኝቼ ወደ ታች እሄዳለሁ። መንገዱን ለቀቁልኝ። አንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሲያማትቡ በዓይኔ አየኋቸው። ቤቱ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዶ አንድ ጎማው ቦይ ውስጥ ገባና ጎኑን ሰጥቶ ቆመ።

«ተርፈሃል?» አሉኝ ከየአቅጣጫው። ከጉልበቴ መላጥ በቀር ምንም አልሆንኩም። ይህን እንዳረጋገጡ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ መዶሻውን አዩት። የገብስ ማሳቸው ከቦዩ ማዶ ነው።

«በስመ አብ! በሚካኤል ቀን ሚስማር? በገብሳችን ላይ በረዶ ልታወርድብን ነው፣ አንተ የማትረባ?»

ሌሎቹም ተነሱብኝ። አጥፍቻለሁ። ግን አማቴ ሊደርሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቷቸዋል፣ ቤቴ ቦይ ውስጥ ነው፣ ብቻዬን ላወጣው አልችልም። እጃችሁን ብላቸው ማን በበዓል ቀን እሺ ይላል? ብርቄ ልጃችንን ታቅፋ ተመልሳ አውቶቡስ ስትሳፈር ታየኝ።

መሪጌታ እንግዳ የሚባሉት የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ ሰዉን ከፍለው መጡ። በሰፈሩ የሚፈሩትም የሚወደዱትም እሳቸው ናቸው። ከፊታቸው ቆሜ አንገቴን ደፋሁ።

«ምን ስትሠራ ነው?»

«ጣራ ስደፍን፣ የኔታ። ሕፃኗ ዛሬ ትገባለች። አልጋዋ ረጠበ። አማቴ ይህ ቤት አይደለም ካሉ ሚስቴንና ልጄን ይዘው ይመለሳሉ።»

ቤቱን ዞረው አዩት። ጎማዎቹን በመቋሚያቸው ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«በሬው ጉድጓድ ቢገባበት በሰንበት ቀን የማያወጣው ማን ነው ይላል ወንጌል። ይህ ደግሞ በሬ አይደለም፣ የአራስ ቤት ነው። ሚስማር መምታት ሥራ ነው፤ የወደቀ ማንሳት ግን ምጽዋት ነው። ነጠላችሁን አደግድጉ!» አሉና ወደ እኔ እጃቸውን ዘረጉ። «አንተ መዶሻውን ወዲህ በል። ነገ መጥተህ ትወስደዋለህ።»

መዶሻዬን ተቀማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተቀማሁት ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቆሜ ማየት አልቻልኩም፤ እኔም ገባሁበት። አገራችን የሣር ቤት ሲሠራ ጣራው መሬት ላይ ይዋቀርና ሰው ተጠራርቶ ተሸክሞ ግድግዳው ላይ ያወጣዋል። ሽማግሌዎቹ ያን ያውቁበታል። «አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ፣ እንጨቱን ከሥሩ አስገባ!» እያሉ ቦታ ቦታ አስያዙን። ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ ከጎማው ሥር ገባ። መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን ይመታሉ፣ ሰዉ «ሆ!» ይላል፣ ቤቱ ብድግ ይላል። በአራተኛው «ሆ!» ጎማው ከቦይ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ ጥሩነሽ አፋቸው እየረገመኝ እጃቸው ይገፋ ነበር። ጎማዎቹ ድንጋይ ሆነው ስለተነፉ ቤቱ ወደ ላይ ሲገፋ እንደ ጋሪ እሺ አለ። መቼም እዚህ ላይ ትንሽ ብኮራ አይፈረድብኝም።

ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ቀና ስል አማቴ ከፊቴ ቆመዋል። ቀደም ብሎ የተነሳ ሚኒባስ ነው ያመጣቸው። ከኋላቸው ብርቄ ልጃችንን ታቅፋ አፏን ከፍታ ታያለች።

«ቤትህ የታለ?» አሉኝ።

ትከሻዬ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቋል፣ ትንፋሽ አጥሮኛል።

«እየመጣ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

ብርቄ ሳቋ አመለጣት። ሰዉም ሳቀ፤ ከሳቁ የተነሳ ቤቱ ወደ ኋላ ሊመለስብን ነበር። አማቴ ግን አልሳቁም። ያን ሁሉ ሰው፣ ላቡን፣ የተደገደገውን ነጠላ ተራ በተራ አዩ። መሪጌታ ቀረብ ብለው ሁሉንም ነገሯቸው፤ በዓል መሻሬንም፣ የረጠበችውን አልጋም አልደበቁልኝም። አማቴ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ከጎኔ ገብተው መግፋት ጀመሩ።

ጥቂት እንደገፉ «እንግዳ ሲመጣ ሰው መንገድ ወጥቶ ሲቀበል አውቃለሁ» አሉ። «መንገድ ወጥቶ የሚቀበል ቤት ግን ዛሬ ገና አየሁ!»

ድንጋዮቹን፣ በዚህ ጊዜ ስምንት ድንጋይ፣ የወሸቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ማንንም ሳይጠብቁ ደረጃውን ወጡ። ወለሉን በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉ። ጣራውን ቀና ብለው አዩ። ብርቄም እኔም በሩ ላይ ቆመን ትንፋሻችንን ይዘናል። ዞር አሉና፣ ሰው አዲስ ቤት ሲገባ የሚባለውን፣ ቤት ላልሆነ ነገር የማይባለውን ቃል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አሉት።

«ቤት ለእምቦሳ!»

መልሱን መመለስ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ግን ልጃችንን እንዳቀፈች ብርቄ ቀድማኝ መለሰችላቸው።

«እምቦሳ እሰሩ፣ አባዬ!»

አማቴ በማግስቱ ብቻቸውን ወደ ዳባት ተመለሱ። እኔ ከገብሱ አጨዳ በፊት ዳመና ባየሁ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይል ነበር፤ ሚካኤል ይመስገን በረዶ አልወረደም። ብዙ ሰው ቤቴን በእጄ ጠግኜ እንደሠራሁት ሳወራ ይሰማኛል። ወለሉንና በሩን እኔ ሠራሁት፣ አልክድም። ግን ጠዋት ጠዋት ብርቄ ልጃችንን በሩ ላይ ፀሐይ ስታሞቃት ሳይ፣ በዚያች ቀን ስንት ትከሻ እንደነካው አስባለሁ፤ ደስታዬም ያኔ እጥፍ ይሆናል።