በላይነህ የገና ዳኛ የሆነ ዕለት

በጃንሆይ ዘመን ከወገዳ ወዲህ ባሉት መንደሮች የበላይነህን ያህል ለሰው ቅልጥም የሚራራ አልነበረም። በገና ጨዋታ ጥንጓን ስቶ ዱላውን የተጋጣሚው መንደር የታች አምባ ሰው እግር ላይ ባሳረፈ ቁጥር፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚደነግጠውም፣ ነጠላውን ቀዶ ቁስሉን የሚያስረውም እሱ ነው። ታዲያ የሚስተው ሁልጊዜ ጎበዝ ሯጭ ፊቱ ሲደርስ ነበር። ባዩ የተባለው የታች አምባ ልበ ሙሉ እስከ ፋሲካ ሲያነክስ በከረመበት ዓመት፣ በላይነህ ሊጠይቀው እየሄደ ጠላውን ጠጥቶ ይመለስ ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ዱላው ከእጁ እንዲወጣ ሲሉ ዳኛ አደረጉት። ቄስ ገብረ ሚካኤልም ተንኮሉን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ተንኮለኛ አያመልጠውም ብለው መረቁት። ሚስቱ የሺ አዲስ ጋቢ አልብሳ፣ አደራ በቅጡ ዳኝ ብላ ሸኘችው።

እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ በእርግጥም በቅጡ ዳኘ። ኋላ ግን ታች አምባዎች የእሱን ሰፈር ልጆች እየገፉ ጥንጓን ሊያገቡ ተቃረቡ። ባዩ የመታት ጥንግ ተንከባልላ ዳኛው እግር ሥር ደረሰች። በላይነህ እግሬን ወጋኝ ብሎ ቁጭ አለ። ሲነሳ ጥንጓ የለችም። ሁለቱም ወገን ሣሩን ሲያስስ ዳኛው እየዞረ፣ እዚያ ቁጥቋጦ ሥርም እዩ እያለ አብሮ ፈለገ። ሲታክታቸው ፍርዱን ሰጠ፤ ጥንግ መጨረሻ መትቶ ያጠፋ ወገን ተሸናፊ ነው፣ የአባቶች ደንብ ነው አለ።

ቄሱ ጠቡን ለማብረድ መስቀላቸውን አወጡ። በላይነህም ሊሳለም ጎንበስ ሲል ጥንጓ ከጋቢው ሥር ዱብ አለች።

ባዩ አንስቶ አገላበጣት። «ደንቡን ያወጡት አባቶችም ጋቢ ይለብሱ ነበር?» አለው።

ያን ቀን ሁለቱ አምባዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ሮጡ። ዳኛው ከፊታቸው ነበር፤ ደግነቱ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። ቄሱ ስግደት አዘዙበት፣ ከሜዳውም ለዘለዓለም አገዱት።

ማታ የሺ ጋቢውን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። «ይህን የፈተልሁት ሰው እንዲለብሰው ነው» አለችና ቆለፈችው።

ከዚያ ወዲያ በላይነህ ገና በመጣ ቁጥር ከሜዳው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። መንገደኛ ሲያልፍ አስቁሞ፣ የዛሬ ልጆች ደንብ የሚባል አያውቁም እያለ ከልቡ ያዝናል።