የዘፋኟ ጫማ

ባለቤቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር በዓመት አንድ ጊዜ በነፃ እንሳፈር ነበር። በዚያ ዓመት ሁለት ቀን ልናርፍ ከድሬዳዋ ጅቡቲ ወረድን። ባሕር አይቼ ስለማላውቅ የአምስት ዓመት ልጄን እጅ ይዤ አልለቅም አልኩ።

በሁለተኛው ቀን የአንዲት ሟች ዘፋኝ ቤት ልናይ ሄድን። ሰፈራችን ሁሉ በራዲዮ የሚወዳት ነበረች። እህቷ ልብሷንና ስትዘፍን የምትመታውን ዑድ፣ ክራር መሰሉን መሣሪያ፣ እንደነበሩ አስቀምጣ ቤቱን ለጎብኚ ትከፍታለች። ደጃፉ ላይ ጫማ ይወለቃል። የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ ቀና ስል ልጄ የለችም። የጓሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከበሩ ማዶ ባሕር ነው።

በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ውሃው ጉልበቴ ደርሶ ስሟን ስጣራ ባለቤቴ ከኋላዬ፣ «አንቺ ሴት፣ ነይ ውጪ! እዚህ ናት!» ብሎ ጮኸ።

ወደ ቤቱ ስመለስ ልጄ ከዘፋኟ አልጋ ሥር ገብታ የሟቿን ወርቅማ ጫማ አጥልቃለች።

«እማዬ፣ እይ፣ ተረከዝ አለው!»

በጥፊ መታኋት። የዘፋኟ እህት በመሀላችን ገብታ በሶማልኛ፣ «ኧረ ተይ! ወላሂ፣ ባለጫማዋ ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር» አለችኝ።

ልጄ ግን እስከ ድሬዳዋ ከአባቷ ጭን አልወረደችም። ብስኩት ብሰጣት እጄን አይታ ፊቷን አዞረች።