በአንድ ዓይን የሚታይ ቤት

አርብ ንጋት፣ ደሴ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ካርቶን፣ መቁረጫ፣ ሙጫና ባለቀለም ወረቀት አለ። ሾፌሩ ቦርሳዬን ሊጭን ሲያነሳው ቀለለበትና ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ። ቤት ነው አልኩት፤ ሳቀ።

የምሄደው ቆቦ ነው። ሰይድ የሚባል የእህል ነጋዴ፣ የጓደኛዬ ወንድም፣ ለእናቱ ቤት እንድነድፍለት ደውሎልኝ ነበር። እናቱ እትየ ዘይነብ አንድ ዓይናቸውን በሕመም ካጡ ወዲህ ደረጃ እየሳቱ ይወድቃሉ፤ በቅርቡም እጃቸው ተሰብሮ ገና መዳኑ ነው። ሰይድ ስንት ክፍል እንደሚፈልግ ነግሮኝ ንድፉን በስልክ እንድልክለት አስቦ ነበር። እኔ ግን እናቱ እንዴት እንደሚያዩ ሳላውቅ እርሳስ አላነሳም አልኩ።

አርብ ከሰዓት፣ ቆቦ

ውጫሌን፣ ውርጌሳን፣ መርሳን አልፈን ወልድያ ላይ መኪና ቀየርኩ። ከጎብዬ በኋላ ተራራው ወደ ግራ ይሸሻል፣ ሜዳው ይዘረጋል፣ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ሮቢት ላይ የቲማቲምና የሽንኩርት ሣጥን አስፋልቱ ዳር ተደርድሯል። አገዳ የተጫኑ ግመሎች መኪናውን ከምንም ሳይቆጥሩ ያልፋሉ። ብርሃኑ የደሴ ብርሃን አይደለም፤ ነጭ ነው። የዞብል ተራራ በዚያ ንጣት ውስጥ ሳስቶ ቅርብ ይሁን ሩቅ መለየት አቃተኝ።

ሰይድ በባጃጅ ተቀበለኝ። እትየ ዘይነብ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሰው ሲያናግሩ ደህናውን ዓይን ለማቅረብ አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ።

ቤቱ ግድግዳው ወፍራም የጭቃ ቤት ነው፤ ውስጡ ቀዝቃዛና ጨለማ። በሩ ላይ ያሉት ሁለት ደረጃዎች እንደ ግቢው መሬት አመድማ ናቸው። ከጨለማው ሲወጡ ፀሐዩ ያንን አንድ ዓይናቸውን ይመታዋል፤ ያኔ ደረጃውም ግቢውም አንድ ሜዳ ይሆንባቸዋል።

«መውደቁንስ ለመድኩት፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «የሚከብደኝ ጎህ ሳይቀድ ለሱብሒ ሶላት ውጭ ወጥቼ ውዱእ ለመታጠብ ሰው መቀስቀሱ ነው። መርየም ቀኑን ሙሉ ስትለፋ ትውላለች፤ እኔ ደግሞ እንቅልፏን ልንሳት?»

መርየም የሰይድ ሚስት ናት።

ቅዳሜ፣ ዋጃ

ሰይድ እንድቀዳለት የሚፈልገው ቤት ዋጃ ነው ያለው፤ የአክስቱ ልጅ ያሠራው። አራታችንም ሄድን። ሰፊ ሳሎን፣ ትልልቅ መስኮት፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ ነጭ ሴራሚክ። ሰይድ ያንኑ ዓይነት ሴራሚክ አስቀድሞ ገዝቶ መጋዘን አስገብቶታል።

እትየ ዘይነብ በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙና ጥልቅ እንደሆነ ጠየቁ። የመስኮቱ ብርሃን ወለሉ ላይ ተኝቶ ውሃ መስሎ ታይቷቸው ነበር።

ሰይድ ወለል መሆኑን ቀስ ብሎ ነገራቸው። እሳቸው ግን አልገቡም፤ ሻያችንን በረንዳው ላይ ጠጣን።

ቆቦ ስንደርስ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች ከካርቶን ቆረጥኩ። የአንዱን ወለል በብልጭልጭ ወረቀት፣ የሌላውን በደብዛዛ ቡናማ ወረቀት አልብሼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው። እትየ ዘይነብ አንድ ዓይናቸውን አስጠግተው ተመለከቱና ጣታቸውን ሰደዱ። ቡናማውን በእርጋታ ነኩት። ብልጭልጩ ላይ ግን ጣታቸው ወለሉ ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ ወዴት እንደሚያርፍ አጣ።

ሁለት ዓይን ርቀትን አብሮ ይለካል፤ አንድ ዓይን ብቻውን ሲቀር ከጥላና ከቀለም ብዙ ይጠይቃል፣ ነጸብራቅ ደግሞ ያሳስተዋል አልኩት ለሰይድ። ወደ ቤት ገባና አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ሊወጣ ሞከረ። ከልጅነቱ የሚያውቀው ደረጃ ነው። ሁለተኛው ላይ እግሩ ከዳው፤ የበሩን መቃን ይዞ ተረፈ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እኔ እኮ እናቴ ያማረ ነገር እንድትረግጥ ብዬ ነው የገዛሁት» አለ።

እናቱ ድምፁን ተከትለው ቀረቡና ትከሻውን ዳሰሱ። «አውቃለሁ ልጄ። እኔ ግን እንዳልፈራው አድርገህ ሥራልኝ።»

አዲሱ ቤት እስኪሠራ አሮጌውን መሞከሪያ ለማድረግ ተስማማን። ሰይድ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀይ ቀለም ገዝቶ መጣ፤ የደረጃዎቹን ጠርዝ ቀባን። በሩ ፊት የጆንያ ጥላ ወጠርን፣ ዓይናቸው ከጨለማው ወደ ፀሐዩ ባንዴ እንዳይወጣ። ፊታቸው ላይ የሚያበራውን የደጃፍ አምፖል ደግሞ ወደ ጎን ዝቅ አድርገን ሰቀልነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱን ጥላ ጣለ። መርየም አማቷን እጃቸውን ይዛ ደጋግማ አወጣች፣ አስገባች።

እሑድ፣ ቆቦ እና ደሴ

የውሃ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ከአዛኑ በኋላ ነበር፤ ሰማዩ ገና አልገረጣም። በመስኮት ሳይ እትየ ዘይነብ ግቢው ውስጥ ጎንበስ ብለው ክንዳቸውን ይታጠባሉ። ብቻቸውን ናቸው። መርየም ነቅታ ልትወጣ ስትል ሰይድ ክንዷን ያዝ አደረጋት። ሦስታችንም ድምፅ ሳናሰማ አየናቸው። ታጥበው ሲጨርሱ ቀዩ ጠርዝ ላይ ጥቂት ቆሙ፣ እግራቸውን አነሱ፣ ገቡ። ሰይድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወልድያ መኪና ስጠብቅ ደወለልኝ። ለሴራሚኩ ገዢ እየፈለገ እንደሆነ፣ ንድፉንም እኔ እንዳየሁት እንድጀምር ነገረኝ።

ደሴ ስገባ ብርድ ጀምሯል። ሹራቤን ደርቤ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ዘረጋሁ። መጀመሪያ ከእትየ ዘይነብ አልጋ እስከ ውሃው ያለውን መንገድ ሳልኩ፤ ከዚያ ንጋቱ ከየት በኩል እንደሚገባላቸው። ወረቀቱ ላይ ግድግዳ ገና አልነበረም።